እቶንና ካፊያ በአንድ ድንኳን

ጋሽ ኪሩቤል መሞቱን ሶሊያና ያወቀችው ከዳቦው ነው።

ጠዋት እንደ ሁልጊዜው በሯን «እኔ ነኝ» አለችው፤ ተከፈተላት። ደረጃውን ወርዳ የብሎክ አስራ ስምንትን የዳቦ መስኮት «እኔ ነኝ» አለችው፤ መስኮቱም ሁለት ዳቦ ገፋላት። ዳቦዎቹ ላይ የጀግናው የእቶን ቡጢ ታትሟል። ይሄ አዲስ አይደለም፤ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ቡጢ ስትበላ ኖራለች። ዛሬ ግን በቡጢው ዙሪያ ጥቁር ቀለበት ነበረ።

«ዳቦው ምን ሆኗል?» አለች።

«ቀይ በር አሳታሚ የእቶንን አባት በማጣቱ ጥልቅ ሐዘን ተሰምቶታል። መልካም ቁርስ» አላት መስኮቱ።

«እሰይ!» አለች ሶሊያና።

ወዲያው አፏን በመዳፏ መታች። በሞተ ሰው እሰይ አይባልም። ዳቦውን ግን እዚያው ቆማ፣ ከነጥቁር ቀለበቱ፣ እስከ መጨረሻው ጉርሻ በላችው።

ጥላቻዋ እንዲሁ የመጣ አይደለም። ሃያ ሁለት ዓመቷ ሳለ እናቷ ሞተች። ኪሩቤል ያኔ ለቀይ በር የሥዕል መጽሐፍ የሚሠራ ጎረቤት ነው፤ ለቅሶ ገብቶ እንደ ሰው ሁሉ ወንበር ይዞ ተቀመጠ። አንገቱን ስለደፋ፣ ያየው ሁሉ ያለቅሳል ብሎ ነበር። እሱ ግን ጉልበቱ ላይ ወረቀት ዘርግቶ የሶሊያናን አፍ ይስል ነበር። የደረት ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ ደግሞ ጩኸቷን ይቀዳ ነበር። በሦስተኛው ወር ልጆች መንገድ ላይ ሲያይዋት «እሪታ መጣች!» እያሉ መሸሽ ጀመሩ። ምን እንደሆነ የገባት ሰው መጽሐፉን ሲያሳያት ነው። እቶን የሚባለው ጀግና በየወሩ የሚዋጋት እሪታ የምትባል ጠንቋይ አለች፤ በጩኸቷ የሰው መስኮት የምትሰብር፣ አፏ እስከ ጆሮዋ የተቀደደ። ነጠላዋ የሶሊያና ነው። አፏም የሶሊያና ነው። ገጹ ሲገለጥ የሚሰማው ጩኸት እንኳ ሶሊያና በእናቷ ለቅሶ ላይ ያወጣችው ጩኸት ነው።

ከስድስት ዓመት በኋላ ኪሩቤል ከቀይ በር ጋር ተጣልቶ ወደ ባላንጣው፣ ወደ ሰባት ክንፍ አሳታሚ ሄደ። እዚያ ካፊያን ፈጠረ፤ ዝናብ የምታዘንብ፣ ጎርፍ የምታስነሳ ጀግና ሴት። ከድሮ ቤቱ እርሳስ እንኳ ይዞ አልወጣም ይባላል። ይዞት የወጣው አንድ ነገር የሶሊያና አፍ ነው። በሰባት ክንፍ መጽሐፍ ስሟ ጉሮሮ ሆነ። አንዱ ቤት በየወሩ ያቃጥላታል፣ ሌላው በየወሩ ያሰጥማታል።

ያኔ መጽሐፍ ገና መጽሐፍ ብቻ ነበር። ቀጥሎ ልብስ ሆነ፣ ቀጥሎ ትምህርት ቤት ሆነ። የኮንዶሚኒየሙን ሊፍት የሚጠግን ሲጠፋ ሁለቱ ቤቶች መጡና እኛ እንጠግናለን አሉ። ሊፍቱን ያደሰ ውሃውንም ያዘ፣ ውሃውን የያዘ ክሊኒኩንም ያዘ። ብሎክ አስራ ስምንት የቀይ በር ሆነ፣ ብሎክ አስራ ዘጠኝ የሰባት ክንፍ። ግቢው መሀል ነጭ መስመር ተሰመረ። መስመሩን የሚሻገር ሰው ግራጫ የእንግዳ ነጠላ ይለብሳል። በሩም፣ ሊፍቱም፣ ቧንቧውም የሚታዘዘው የነዋሪውን ድምፅ ለይቶ ነው፤ ጉንፋን የያዘው ሰው ደጅ ሲንቆራጠጥ ማየት የተለመደ ነው።

በየምሰሶው ላይ ደግሞ መብራቶቹ አሉ። መብራቶቹ ይሰማሉ። እቶንንና ካፊያን በአንድ ትንፋሽ የጠራ ሰው፣ በአንድ ወረቀት የሳለ፣ «ቢገናኙስ?» ብሎ የጠየቀ ሁሉ ማጣመር የሚባል ጥፋት አለበት። መብራቱ ይደውላል፤ ወኪል ይመጣል። ቅጣቱ የአንድ ዓመት የአፍ እገዳ ነው። አፉ የታገደ ሰው ቢናገርም በሩ አይሰማውም፣ ዳቦው አይወጣለትም፣ ውሃው አይወርድለትም። አንድ አስተማሪ ክፍል ውስጥ «ማን ያሸንፋል?» ብሎ ስለቀለደ ዓመቱን በሙሉ በየሰው ደጅ ሲያንኳኳ ከርሟል። ስለዚህ ሰው «የእኛው» እና «የማዶዋ» ማለትን ለምዷል።

ሳይከፈል የቀረው እድሩ ብቻ ነው። ቤቶቹ ሞት አይፈልጉም፤ ጀግናቸው ከሬሳ ጋር እንዲታይ አይሹም። በዚህ የተነሳ አስራ ስምንትና አስራ ዘጠኝ አንድ እድር፣ አንድ ስዕል የሌለው አሮጌ ድንኳን፣ አንድ ሙሾ አውራጅ ኖሯቸው ቀሩ። ሙሾ አውራጇ ሶሊያና ናት። ትምህርቷ ሦስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። የሞተ ሰው ግን ምን እንደሠራ፣ ማንን እንደወለደ፣ ማንን እንዳስቀየመ አንድም ሳታስቀር ታውቃለች።

ዳቦው ላይ ያለው ጥቁር ቀለበት ያስደነገጣት ለዚህ ነው። ቤቶቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ሬሳ ፈልገዋል ማለት ነው።

ሦስት ሰዓት ላይ የእድሩ ዳኛ አቶ አቤኔዘር በሯን አንኳኩ። ከኋላቸው ሁለት ወጣት ወኪሎች ቆመዋል። የቀይ በሩ ልጅ እቶንሰገድ ይባላል፣ የሰባት ክንፏ ካፊያወርቅ። እዚህ ግቢ የተወለደ ልጅ ስሙን የሚያገኘው ከቤቱ ነው። ሁለቱን አስተዋውቃለሁ የሚል ሰው መብራቱን ያስደውላል፤ እነሱም እርስ በርሳቸው «አንተ»፣ «አንቺ» እየተባባሉ ነው የሚሠሩት።

«ሶሊያና፣ እንግዲህ ሰምተሻል» አሉ አቶ አቤኔዘር ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያዞሩ። «ቀብሩ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው።»

«ሰምቻለሁ። ሌላ ሙሾ አውራጅ ፈልጉ።»

«ሌላ የለንም።»

«እኔስ እንዴት አለሁ? ያ ሰውዬ አርባ ዓመት ሙሉ ሲቀብረኝ አይደል የኖረው?»

እቶንሰገድ ወረቀት አወጣ። «እማማ፣ የሚሉት ተዘጋጅቶልዎታል። ልጅ የሚጠራበት ቦታ ላይ ሲደርሱ የእኛውን ብቻ ይጠራሉ። አባትነቱ በውል የተመዘገበ ነው።»

«የእኛዋን ብቻ ነው የሚጠሩት» አለች ካፊያወርቅ፣ የራሷን ወረቀት እየዘረጋች። «ሰውየው ሲሞት የእኛ ነበር። ሬሳውም ያለው በእኛ ብሎክ ነው።»

«የሰረቃችሁት ነዋ!»

«ያባረራችሁት ነዋ!»

«ዝም በሉ!» አለች ሶሊያና። «ከመቼ ወዲህ ነው ሙሾ ከወረቀት የሚነበበው? አንተ ልጅ፣ እናትህን ስትቀብር ወረቀት ታነባለህ?»

አቶ አቤኔዘር ወደ ጎን ወሰዷትና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ እድር ሬሳ ከግቢ ከመውጣቱ በፊት ሙሾ አውራጇ የሟቹን ልጆች አንድ በአንድ በስም ትጠራለች። የተጠራ ልጅ ተነስቶ የቃሬዛውን ጫፍ ይይዛል። ያልተጠራ ልጅ እንደተካደ ይቆጠራል፤ ወገኑም ድንኳኑን ጥሎ ይወጣል። ኪሩቤል ደግሞ ከሁለቱ ጀግኖች ሌላ ልጅ የለውም። ሶሊያና እቶንን ብቻ ከጠራች አስራ ዘጠኝ ይወጣል፣ ካፊያን ብቻ ከጠራች አስራ ስምንት ይወጣል። ቤቶቹ ቀድመው አስበውበታል፤ ቀይ ድንኳንና ሰማያዊ ድንኳን አሠርተው መጋዘን አስቀምጠዋል። ከዛሬ በኋላ የአስራ ስምንትን ሬሳ አስራ ስምንት፣ የአስራ ዘጠኝን አስራ ዘጠኝ ይቀብራል። ሁለቱንም ከጠራች ደግሞ መብራቱ ይደውላል፣ አፏ ይታገዳል።

«ሁለቱንም አትጥሪ። "ልጅ አልወለደም" ብለሽ እለፊው» አሉ አቶ አቤኔዘር።

«ሬሳ ፊት ልዋሽ?»

«አትወጂውም አይደል እንዴ? ምን አስጨነቀሽ?»

«አልወደውም። ግን በውሸት ያስለቀስኩበት ድንኳን የለም። ሲሞት ያልዋሸሁለትን ሰው ስንቱን ታውቃለህ! ሌባውን ሌባ ብዬ ነው ያስቀበርኩት፣ ልጆቹም ተነስተው ቃሬዛውን ይዘዋል።»

አቶ አቤኔዘር ባርኔጣቸውን አደረጉ። «እንግዲያውስ እድሩን አንቺው ነሽ የምትሰነጥቂው» ብለው ወረዱ።

ሶሊያና ግራጫውን ነጠላ ለብሳ መስመሩን ተሻገረች። ሬሳው ያለበት ቤት የአስራ ዘጠኝ ምድር ቤት ነው። የኪሩቤል ሚስት እትዬ ቤዛ ማዕድ ቤት ብቻዋን ቆማ ቧንቧውን ለቃው ነበር። ውሃው በከንቱ ይፈሳል። ሰባ ዓመቷ ነው፤ ዓይኗ ደርቋል።

«መጣሽ?» አለቻት።

«አልወደውም ልልሽ ነው የመጣሁት፣ እትዬ ቤዛ። ሬሳው ሳይወጣ እወቂው ብዬ ነው።»

«ይሄንን ለመንገር መስመር ተሻገርሽ? በመስኮት ብትጮዪ ይሰማኝ ነበር» አለች ቤዛ። «ነይ፣ ወደ ውሃው ጠጋ በይ። ውሃው ሲፈስ መብራቶቹ አይሰሙም።»

ሶሊያና ጠጋ አለች።

«አርባ ዓመት ሙሉ ከእራት በኋላ ቧንቧ ይከፍትልኝና ያወራልኛል» አለች ቤዛ። «ሁለቱ እንዴት እንደሚገናኙ። መጀመሪያ እንዴት እንደሚጣሉ፣ በኋላ እንዴት እንደሚተባበሩ። እሱ ሲያነድ እሷ እንዴት እንደምታበርድለት። አንድ ቀን ግን ጨርሶት አያውቅም። የሚገናኙበት ቦታ ላይ ሲደርስ እንቅልፍ ይወስደዋል። "ከዚያስ?" ስለው ያንኮራፋል።»

«የት ነው የሚገናኙት?»

«ሁለቱም አንድ ጠላት እያሳደዱ መጥተው ነው። አንዱ ከዚህ፣ ሌላዋ ከዚያ።»

«ማንን እያሳደዱ?»

ቤዛ ቧንቧውን ትንሽ ከፍ አደረገችው። «ማንን ይሆናል? አንቺን ነዋ።»

«እግዜር ያሳይሽ! ሚስቱ ፊት እንኳ አልተወኝም!» ሶሊያና ነጠላዋን ከትከሻዋ መንጭቃ ጣለች። «ቆይ፣ ምን አድርጌው ነው? እናቴን ባለቅስ ምን አደረግኩት?»

«ሁለቱንም የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም። እሷ ቤት ገብተሽ ወጥተሻል፣ እሱ ቤት ገብተሽ ወጥተሻል። "ያለ እሷ አይገናኙም" ይለኝ ነበር። አንድ ቀን ሄጄ ይቅርታ እጠይቃታለሁም ይል ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልመጣም?»

«ይፈራሽ ነበር» አለች ቤዛ። «እኔም እፈራሻለሁ። ግን ልጆቹን ጥሪለት፣ ሶሊያና። ልጅ የለውም ተብሎ እንዳይወጣ።»

ሶሊያና ነጠላዋን ከወለሉ አነሳች፣ አራገፈች፣ በሩን በኃይል ዘግታው ወጣች። መስመሩ ላይ ስትደርስ ቆመች። ወደ አስራ ስምንት መብራት አየች፣ ወደ አስራ ዘጠኝ መብራት አየች። ድንኳኑን የሚተክሉት ሰዎች የት እንትከለው እያሉ ይጨቃጨቃሉ።

«መስመሩ ላይ» አለቻቸው።

«እንዴ፣ ለሁለት ይከፈላል እኮ!»

«መስመሩ ላይ ትከሉት አልኩ! ሬሳውም መስመሩ ላይ ነው የሚቀመጠው።»

እሷን ተከራክሮ የረታ ሰው በዚህ ግቢ የለም። ተከሉት።

ስለ ሶሊያና ድምፅ እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ሃያ ዓመት ሆኗታል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ካለቀሰች። ሙሾ የምታወርደው ዝቅ አድርጋ፣ ወሬ እንደምታወራ ሴት ነው። ድሮ እንዲህ አልነበረችም። አንድ ጊዜ በአስራ ስምንት በኩል ለቅሶ ላይ ሦስት ጊዜ እሪ ብትል የቀይ በር መብራቶች ቦግ ብለው በሩ፣ እቶንም ከብርሃን ተሠርቶ ሁለት ፎቅ አክሎ ግቢው መሀል ቆመ። በየወሩ በሚያሳዩት ትርኢት ጠንቋይዋ ሦስተኛውን ጩኸት ስትጮህ ነው ጀግናው የሚመጣው። መብራቱ ውስጥ ያለው የጠንቋይ ድምፅ ደግሞ የሶሊያና የራሷ ድምፅ ነው። በሌላ ጊዜ በአስራ ዘጠኝ በኩል ብታለቅስ ካፊያ መጣች። ሁለቱም እሷን ነበር የሚመቱት። ብርሃን ስለሆነ አያምም፤ ግን ሕፃናት አጨበጨቡ፣ ለቅሶው ትርኢት ሆነ። አቶ አቤኔዘር ያን ጊዜ «ከእንግዲህ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ» አሏት። በሕይወቷ የታዘዘችው ትእዛዝ ያ ብቻ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፀሐይዋ እንደ ጠራች ነበር። አስራ ስምንቶች ከመስመሩ ወዲህ፣ አስራ ዘጠኞች ከመስመሩ ወዲያ ተቀመጡ። በመሀል ቃሬዛው። ጀርባ ለጀርባ የተቀመጡም ነበሩ።

«የእናንተ ሰዎች ወንበር ወደ እኛ ገብቷል» አለ አንዱ ከአስራ ስምንት።

«የወንበሩን እግር ነው ወይስ የራስህን ነው የምትለካው?» ብላ መለሰችለት አንዲት ከማዶ።

እቶንሰገድ በቀይ በር በኩል፣ ካፊያወርቅ በሰባት ክንፍ በኩል ቆመው ጆሯቸውን ወደ መብራቱ ቀስረዋል። ከአጥሩ ውጭ ሁለት መኪና ቆሟል፤ በአንዱ ቀዩ ድንኳን፣ በሌላው ሰማያዊው ተጭኗል።

ሶሊያና ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። ዝቅ ባለችው ድምፅዋ ጀመረች።

*ኪሩቤል ኪሩቤል ጣትህ መች ዝም አለ፣*
*በእናቴ ለቅሶ ላይ አፌን እየሳለ።*

ሰው ተንጫጫ። ሬሳ ፊት ወቀሳ እንግዳ ባይሆንም በዚህ መጀመር ያልተለመደ ነው። ቤዛ ግን ደረቷን መታች፤ እንባዋ የመጣው ያን ጊዜ ነው።

*ወንድ ልጅህ በእሳት ሴት ልጅህ በውሃ፣*
*ሲያሳድዱኝ ኖሩ እንዳውሬ በበረሃ።*

እቶንሰገድ መብራቱን አየ። አልደወለም፤ ስም አልተጠራም። ካፊያወርቅ ጣቷን ወደ ሶሊያና ቀሰረች። «እማማ፣ ይጠንቀቁ!»

«አንቺ ልጅ፣ ለቅሶ ቤት ጣት አይቀሰርም» አለች ሶሊያና።

አሁን ልጅ የሚጠራበት ቦታ ደርሷል። አቶ አቤኔዘር ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ሶሊያና እናቷን አሰበች። ከዚያ አፏን፣ ያን ሁለት ቤት የነገደበትን አፍ፣ እስከ ጆሮዋ ከፈተችና እሪ አለች።

በመጀመሪያው ጩኸት በአስራ ስምንት አራተኛ ፎቅ ውሻ ጮኸ። በሁለተኛው ሕፃናት መስኮት ላይ ወጡ። አቶ አቤኔዘር ምን ልታደርግ እንደሆነ ገብቷቸው «ሶሊያና! ተይ!» ብለው ተነሱ። ሦስተኛውን ጮኸች።

የሁለቱም ቤት መብራቶች በአንድ ጊዜ በሩ። ከቀኝ እቶን ተነሳ፣ ቡጢው እየነደደ። ከግራ ካፊያ ወረደች፣ ከፀጉሯ ውሃ እየወረደ። ከተፈጠሩ ጀምሮ አንድ አየር ላይ ቆመው አያውቁም። ሁለቱም ወደ ጠላታቸው ዞሩ። ጠላታቸው መሀል ቆማለች፣ ሬሳው እግሯ ሥር ነው።

*እቶን ና ተሸከም ያባትህን እግር፣*
*ካፊያ ነይ ደግፊው ራሱ እንዳይቸገር!*

በአንድ ትንፋሽ ጠራቻቸው። ወኪሎቹ ደወሉን ጠበቁ። ደወሉ አልተሰማም። መብራቶቹ የሚሰሙት ሶሊያናን አልነበረም። አንደኛው እሪታን፣ ሌላኛው ጉሮሮን ነበር የሚሰማው፤ ትርኢት ላይ ያለች ጠንቋይ ደግሞ የፈለገችውን ብትለፈልፍ ማንም አይጠይቃትም።

«የእናንተው የእኛ አየር ላይ ገብቷል!» ብላ ጮኸች ካፊያወርቅ።

«የእናንተዋ ናት የገባችው! አጥፏት!»

«መጀመሪያ እናንተ አጥፉት!»

ማጥፋት አይቻልም። ትርኢቱ የሚያልቀው ጠንቋይዋ ዝም ስትል ነው። ሶሊያና ይሄንን ከሃያ ዓመት በፊት አይታዋለች። ስለዚህ ዝም አላለችም። እየጮኸች ወደ ኋላዋ ወደ ግቢው በር መሄድ ጀመረች፤ ጀግኖቹ ሊመቷት ግራና ቀኝ ተከተሏት።

ከአስራ ስምንት አንድ ሽማግሌ ተነሱ። «ልጁ ተጠርቷል፣ ምን እንጠብቃለን?» ብለው በእቶን በኩል ያለውን የቃሬዛ ጫፍ ያዙ። ቅድም ስለ ወንበር የመለሰችው ሴት ወንድሟን በክርኗ ገፋችው፤ እሱም ሄዶ በካፊያ በኩል ያዘ። አራት ሰው ሲሞላ ቃሬዛው ከመስመሩ ተነሳ። ሁለት ሰው ከወዲህ፣ ሁለት ሰው ከወዲያ። የአንዱ ወገን ቁመት አጥሮ ቃሬዛው ሲያጋድል «ከፍ አድርጉ እንጂ፣ እናንተ!» «እናንተ ዝቅ በሉ!» እየተባባሉ ነው የሄዱት።

እሳቱ ሶሊያና ላይ ወረደ፣ ውሃው ሶሊያና ላይ ወረደ። ብርሃን ነው፣ አያምም። ዓይን ግን ያሳውራል። መንገዱን የምታውቀው በእግሯ ነው። እቶን ሲያነድ ካፊያ ታዘንባለች፣ ካፊያ ስታዘንብ ጭሱ ይነሳል። ከውጭ ለሚያይ ሰው ሁለቱ ተማክረው የመጡ ነው የሚመስለው። ሁለት ቤት የሞላ ጠበቃ አርባ ዓመት የከለከለውን ነገር ሰው ሁሉ በገዛ ዓይኑ አየው። አንድም ሰው አላጨበጨበም። ሰዉ የሚያለቅሰው ለማን እንደሆነ ራሱም አያውቅም ነበር።

እቶንሰገድ ሮጦ መጣና ክንዷን ያዘ። «እማማ ያቁሙ! በሕግ ያቁሙ!»

ሶሊያና ፊቱ ላይ ጮኸችበት። ልጁ ጆሮውን ያዘ። ገና በሕፃንነቱ እሪታን ስትጮህ አልጋ ሥር ይገባ የነበረ ልጅ ነው፤ አሁንም ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

ከድንኳኑ እስከ ግቢው በር ሁለት መቶ እርምጃ ነው። በመቶኛው ድምፅዋ ተሰነጠቀ። በመቶ ሃምሳኛው አፏን ደም ደም አላት። ቃሬዛው በሩን አልፎ የመጨረሻው ሰው እግር ከግቢው ሲወጣ አንድ ነገር ጉሮሮዋ ውስጥ እንደ ክር ተበጠሰ። ዝም አለች። እቶን ቡጢውን እንዳነሳ ጠፋ። ካፊያ እጇን ወደ እሱ እንደዘረጋች ጠፋች። ግቢው ውስጥ ተራ የዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ብቻ ቀረ።

ቤዛ አጠገቧ ደረሰች። «አልወደውም ብለሽኝ ነበር» አለች።

ሶሊያና ለመናገር ሦስት ጊዜ ሞከረች። «አሁንም አልወደውም» አለች። የወጣው ድምፅ ሳይሆን ትንፋሽ ነው።

ቀዩም ሰማያዊውም ድንኳን ከመኪናው ሳይወርድ ተመለሰ። ሁለቱ ቤቶች በዚያው ሳምንት ተካሰሱ። ቀይ በር ጩኸቱ የእኔ ንብረት ነው አለ፣ ሰባት ክንፍ የእኔ ነው አለ። ሶሊያናን ለመቅጣት ደግሞ መጀመሪያ ጩኸቱ የማን እንደሆነ መወሰን አለበት። ክሱ እስከ ዛሬ አልተቋጨም።

ሶሊያናን ግን የቀጣት በሯ ነው። ከቀብር ተመልሳ «እኔ ነኝ» ብትለው በሩ አልሰማትም። ዳቦ መስኮቱ አልሰማትም። ሊፍቱ አልሰማትም። የክሊኒኩ ሐኪም የቀድሞ ድምፅሽ አይመለስም አላት፤ ወደ ክሊኒኩ ለመግባትም ጎረቤት ነው በሩን ያናገረላት። ለቅሶው እስኪነሳ ሦስት ቀን ድንኳኑ ውስጥ አደረች። ዳቦ ያመጡላት ነበር፤ አንዱ ቡጢ የታተመበት፣ ሌላው ጠብታ የታተመበት። ሁለቱን አንድ ላይ አድርጋ ነው የምትበላው።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ሴቶቹ ከሁለቱም ወገን ዙሪያዋን ተቀምጠው ሳለ ቤዛ አጠገቧ መጥታ ተቀመጠች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች። «ያ ሰውዬ ሳይጨርስልኝ ሄደ።»

ሶሊያና ገባት። ወደ መብራቱ ቀና ብላ አየች። መብራቶቹ የሚያውቁት ሰው ቢያንሾካሹክም ይለዩታል፤ የእሷ ግን አሁን ሹክሹክታም አይደለም፣ በር ሥር የሚገባ ንፋስ ነው።

«እቶንና ካፊያ» አለች በአንድ ትንፋሽ።

ሴቶቹ ትከሻቸውን ሰብስበው ጠበቁ። መብራቱ ዝም አለ።

«እቶንና ካፊያ አንዲት አሮጊት እያሳደዱ መጡ» አለች ሶሊያና፤ ሴቶቹ ለመስማት ወንበራቸውን እየጎተቱ መስመሩን ረግጠው ተጠጉ። «አንዱ ከዚህ መጣ፣ ሌላዋ ከዚያ መጣች። መሀል ላይ ተፋጠጡ። አንተ ማነህ፣ አንቺ ማነሽ ተባባሉ። ሊጣሉ ሲሉ አሮጊቷን ሬሳ ይዛ አዩ። ሬሳው የማን ነው ቢሉ የሁለታቸውም አባት ነው።»

«ከዚያስ?» አለች ቤዛ።

«ከዚያስ?» አለች የወንበሯ ሴት ከማዶ።

ሶሊያና ዳቦዋን ቆርሳ አላመጠች። አልቸኮለችም።

«ከዚያማ ምን ይሆናሉ» አለች። «አባታቸውን አንድ ላይ ቀበሩ። ሲጨርሱም ተመልሰው ሁለቱም እኔን መቱኝ።»